የንባብ ማኅበራችን ለቅሶ የደረሰ ዕለት

ሰው ሰብስቦ መጽሐፍ ማስነበብ የጽድቅ ሥራ ነው የሚል ካለ ይምጣና የእኔን ስልክ አንድ ሳምንት ይያዝልኝ። የምሠራው ቢቸና መድኃኒት ቤት ነው። ከባንኮኒው ወዲያ ሆዱን የያዘና ወገቡን የያዘ ተሰልፎ «ቶሎ በይ እንጂ» ይለኛል፤ ከወዲህ ስልኬ በጋወኔ ኪስ ውስጥ «ምዕራፍ ሦስት የታለ?» እያለ ይንዘፈዘፋል። አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ የጨጓራ መድኃኒት እየሰጠሁ «ከምግብ በፊት አንድ ምዕራፍ» ብያቸው እርፍ። እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ «ጧት ብቻ ነው ወይስ ማታም?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ለአገር ዕውቀት አስቤ አይደለም የጀመርኩት። የአገሩ ዕውቀት ለራሱ ይወቅ። የጀመርኩት ለእህቴ ነው።

ታናሽ እህቴ ያገባችው ሞጣ ነው። ልጆች ሳለን ለሁለት አንድ መጽሐፍ ይዘን ስንጣላ ነው ያደግነው። እሷ ፈጣን ናት፤ እኔ ገጹን ሳልጨርስ ልትገልጥ እጇን ትሰዳለች፣ እመታታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ቀድማ ታነብና መጨረሻውን ነግራኝ ትበቀለኛለች። አፏ አያርፍም ነበር። እናታችን «ይቺን ልጅ ያገባ ሬዲዮ መግዛት አያስፈልገውም» ትል ነበር።

አምና ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች።

እንግዲህ በእኛ አገር ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ሲሞት ፍትሐት የለ፣ ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ። ወንዶች ወስደው ይቀብራሉ፤ ሴቶች እናቲቱን ከብበው «ዝም በይ፣ እግዜር ይቆጣል፣ ሌላ ይሰጥሻል» ይሏታል፤ በዚያው ያልቃል። አማቷ ደግ ሴት ናቸው፤ በክፋት አይደለም፤ ብቻ ቆፍጠን ያሉ ናቸው። «በሕፃን አይለቀስም፤ ማኅፀን ይዘጋል። ሆድ ይፍጀው» አሏት። እህቴም እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን ለእንባው ብቻ አልነበረም፤ ከእንባው ጋር ንግግሩንም ተወችው።

ሄጄ ሰነበትኩ። አብረን ሽንኩርት ከተፍን፣ ስለ ሽንኩርት አወራን፣ ተመለስኩ። ስልክ ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትላለች። «ባልሽስ?» «ደህና ነው።» «ምን በላሽ?» «በላሁ።» በዚህ ዓይነት የሚወራ ከሆነማ ቴሌ ለምን ተፈጠረ? አንድ ቀን ባሏ ራሱ ደወለልኝ። «እህቴ፣ እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ» አለኝ። «ከግድግዳ ጋር እኮ ነው የምኖረው። ብትሰድበኝ እንኳ ደስ ባለኝ።»

ምን ላድርግ? የመደርደሪያዬን መድኃኒት ከላይ እስከ ታች አየሁት። ለሳል አለ፣ ለቁርጠት አለ፤ ዝም ላለ ሰው የሚሰጥ የለም። ያለኝ ነገር የድሮው ጠባችን፣ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ሁለታችን ብቻ ሆነን እናንብብ ብላት እንደማስታምማት ወዲያው ይገባትና ትዘጋብኛለች። ስለዚህ ተቋርጦ የከረመው ኢንተርኔት ተመልሶ በተከፈተ ሰሞን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትኩ፤ እሷን በሰው መሐል ደብቄ ላስገባት። ስሙንም «የንባብ ማኅበር» አልኩት።

አይ የእኔ ነገር! ጎጃም ውስጥ ነገርን ማኅበር ብሎ ሰይሞ ሰላም አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው።

የመጀመሪያዋ ፈተና ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት ባለሱቅ ነበሩ። መንገዱን ተሻግረው መጡና «ማኅበር ጀመርሽ አሉ፤ እኔን ትተሽ?» ብለው ተቆጡ።

«የመጽሐፍ ነው እኮ እትዬ» አልኳቸው።

«ታዲያ መጽሐፍ ጠላሁ አልኩሽ? ብቻ የማን ነው? የመድኃኔዓለም ነው የማርያም?»

«የማንም አይደለም፤ የንባብ ነው።»

«ንባብ የሚባል ጻድቅ እንኳ አላውቅም። ይሁን፣ ጻድቁ ብዙ ነው» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝና አስገባኋቸው። በማግስቱ ጽዋው ማን ቤት እንዳለ ጠየቁ። ፊደል ቆጥረዋል፤ ማንበብ ግን ዓይናቸውን ያደክመዋል። ድምፅ ሲላክም ዳታ እንዳይበላባቸው የመጨረሻዋን ብቻ ከፍተው ይሰማሉ። «የነገር ፍሬው መጨረሻው ላይ ነው» ይላሉ።

ቀጥለው የኔታ መጡ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ስልኩን የላከላቸው አዲስ አበባ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። እንዴት ድምፅ እንደሚላክ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን እጄ በተሰበረ። ደራሲው «ዝናብ ዘነበ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ የኔታ «ዝናብ ያለው አንድም ምሕረት ነው፣ አንድም መዓት ነው፣ አንድም…» እያሉ ከቁርስ እስከ ምሳ ይወርዱበታል። ሰውዬው እኮ ዝናብ ነው ያለው! ጃንጥላ ያዙ ነው ያለው! ግን የኔታን ማን ደፍሮ «በቃዎ» ይላቸዋል?

ሦስተኛው ሊቀመንበራችን ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ማንም ሳይመርጠው ሊቀመንበር ሆነ። «ውድ አባላት፣ የዛሬው አጀንዳችን» ሳይል ደህና አደራችሁ አይልም። ልብ ወለዱን ከአፈጻጸም አንጻር ይገመግመዋል። አንዲት ገጸ ባሕርይ ባሏን ጥላ ስትሄድ «የአቅም ክፍተት ታይቶባታል» ብሎ ጻፈ፤ ሳቄን ለመዋጥ ብዬ የሰው የስኳር መድኃኒት መሬት ላይ በተንኩ።

ሌሎቹ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ አንዳንዱም ከየጁቤና ከአምበር የገቡ ናቸው። ሞጣዎቹ «ቢቸናዎች ወሬ ትወዳላችሁ» ይሉናል፤ እኛም «ሞጣዎች ቶሎ ትቆጣላችሁ» እንላቸዋለን፤ እነሱም ይህን ሰምተው ይቆጣሉ።

መጽሐፉ በየከተማው እንደ ልብ አይገኝም። ያለን ጥቂት ቅጂ ስለሆነ ተራ አወጣን፤ ተራ የደረሰው ሰው የሳምንቱን ምዕራፍ በድምፁ እያነበበ ይልካል፤ መጽሐፉ የሌለው ይሰማል፤ ከዚያ ውይይት ይጀመራል። ውይይት ካላችሁት። ደግነቱ እህቴ ጋር አንድ ቅጂ ነበረ፤ ራሴ ነኝ በሹፌር የላክሁላት።

እሷስ? ምንም። የላክነውን ሁሉ ታያለች፣ አንድ ቃል አትጽፍም። እኔ ባንኮኒው ሥር ስልኬን ደብቄ ማን እንዳየው እፈትሻለሁ፤ ስሟ አለ። የኔታ ሦስተኛውን «አንድም» ሲሉ አለች፤ ሊቀመንበሩ «የቀጣይ አቅጣጫ» ሲያስቀምጥ አለች። ባሏ በስልክ «ሁሉንም ትሰማለች። ወጥ ስትሠራም ስልኩን ከአጠገቧ ታስቀምጣለች» አለኝ። እኔም በዚያ ተጽናናሁ። ግድግዳም ቢሆን ጆሮ ያለው ግድግዳ ይሻላል።

ከዚያ ይሄ ሊቀመንበር ተብዬ አንድ ቀን ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ተሳትፎ የማያደርጉ አባላት ከማኅበሩ ይሰናበቱ።» ከሥሩ ደግሞ ዝርዝር። የእህቴ ስም ከላይ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ማን ሆነህ ነው የምታሰናብተው? አድሚኗ እኔ ነኝ! አንተኑ በአንድ ጣት ባስወጣህስ?» ብዬ ጻፍኩ። እሱ «በመርሕ እንመራ» አለ። ባለሱቋ ጠቡን ሲያዩ «ኧረ በማርያም፣ ማኅበርተኛ አይጣላም» ብለው ላኩ። በመጨረሻ የኔታ ገቡ። «ዝም ብሎ የሚሰማ ተማሪ አንድም ሞኝ ነው፣ አንድም የበሰለ ነው። የቱ እንደሆነ ተራው ሲደርስ ይለያል። ተራዋ ይድረስ» አሉ። ሊቀመንበሩም ይህን ያዘና «ተራዋን ካላነበበች ትሰናበታለች፤ ውሳኔው ጸድቋል» አለ። ማን አጸደቀው? እሱው።

አሁን የጨነቀኝን ልንገራችሁ። የመረጥነው ልብ ወለድ አንድ ልጇን ስለምትቀብር ባልቴት ነው። እኔ የሚያስቅ ነገር እንድናነብ ብዬ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ተራው ሲቆጠር ደግሞ የቀብሩ ምዕራፍ ሄዶ ሄዶ እህቴ ላይ ወደቀ። ካላነበበች ያ የምትሰማው ነገር እንኳ ይቀርባታል፤ ካነበበች ደግሞ ያነበበችው ምን እንደሚያደርጋት እግዜር ይወቅ። ስለዚህ በግሏ ጻፍኩላት። «የእኔ ቆንጆ፣ የዚህን ሳምንት እኔ ላንብብልሽ፤ ጉሮሮዋን አሟታል እላቸዋለሁ።»

ወዲያው መለሰች። «ተራዬን ማን ውሰጂ አለሽ? ሌባ።»

ደስታዬ! ሰደበችኝ! ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለሳል መድኃኒት የመጣ ሰውዬ አበደች ብሎ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ለባሏ ደውዬ «ሌባ አለችኝ!» ብዬ ስነግረው እሱም «እሰይ! እኔንስ መቼ ትለኝ ይሆን?» አለ።

ተራዋ ደረሰ። ገበያ ቀን አልነበረም፤ መድኃኒት ቤቱ ጭር ብሏል። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ገልጬ፣ ጣቴን ከመስመሩ ላይ አድርጌ፣ የላከችውን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ እንደ ዛገ በር ተንቋቀቀ፤ ከዚያ እየጠራ ሄደ። የባልቴቷን ልጅ ቀብር አነበበች። አገር ምድሩ ሲወጣ፣ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ሲመጡ፣ ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን እንደተጫነ ሲጎተት፣ አልቃሾቹ ስሙን እየጠሩ ሲያወርዱት። አንዲት ቃል አልዘለለችም። እኔም በጣቴ ተከተልኳት።

የመጨረሻዋን ድምፅ ከፈትኩ።

«ለእሱ ይህ ሁሉ ሰው ወጣለት» ትላለች። «የእኔን ልጅ በነጠላ ጠቅልለው በጓሮ በር አወጧት። ማንም አላለቀሰላትም። እኔንም አታልቅሺ አሉኝ፤ አላለቀስኩም። ጡቴ ግን እንቢ አለ። ወተቱ ቀሚሴን እስኪያርሰው ይፈስ ነበር። እሷ እንደሞተች ለጡቴ የነገረው የለም።»

ጣቴ መስመሩን አጣው። ገጹን ገለጥኩ፤ የለም። ተመለስኩ፤ የለም። ምዕራፉ አልቋል። ባልቴቷ ከቀብር ተመልሳ ቤቷ ገብታለች፤ የወተት ነገር የሚባል በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የካርቶን ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ግሩፑ ሞቅ ብሏል። ሊቀመንበሩ ግምገማውን ጀምሯል። «እዚህ ላይ ደራሲው ያሳየው የአተራረክ ብቃት ከፍተኛ ነው። በተለይ የወተቱ ጉዳይ በጥሩ አፈጻጸም የሚታይ ነው። ለአንባቢዋም ምስጋና እያቀረብን፣ ከመሰናበት መትረፏን እናሳውቃለን።» አንዱ አጨበጨበ፣ አንዱ አበባ ላከ።

ቀና ስል ባለሱቋ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ ከፊታቸው ሆኗል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። እንደ ልማዳቸው የመጨረሻዋን ብቻ ነበር የሰሙት።

«አንቺ!» አሉኝ። «እህትሽ ልጅ ሞታባት ጎረቤትሽን አትነግሪኝም? ማኅበርተኛዬ አይደለችም? ሰው ነሽ አንቺ?»

 እሳቸው ጥለውኝ ተሻገሩና ሱቃቸው ሄደው ለግሩፑ ድምፅ ላኩ። «ማኅበርተኞች ሆይ፣ ሞጣ ያለችው እህታችን ልጅ ሞቶባታል። ነገ ጧት ለቅሶ እንደርሳለን። የቀረ ማኅበርተኛ አይደለም።»

ያን ጊዜ ሳቁ ወረደ። የሚስቅ ፊት በሚስቅ ፊት ላይ ተደረበ። ሊቀመንበሩ «እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው! ለልብ ወለድ ለቅሶ አይደረስም!» ብሎ ጻፈ። አንዱ ደግሞ «ለፈረሱም እናልቅስለት» አለ። ከየጁቤ አንዷ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ጨመረች።

እህቴ ይህን ሁሉ ታያለች። ስሟ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ልጄ ሞተች ብትል አገር ሳቀባት። አሁን ዝም ካለች ዳግመኛ አትናገርም፤ ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ጻፍኩ።

«መጽሐፉ ላይ የለም። ያላችሁ ገልጣችሁ እዩ። የሞተችው የእህቴ ልጅ ናት። አምና ነው። ክርስትና ሳትነሳ ነው የሞተችው፤ ማንም አላለቀሰላትም።»

 የሚስቁት ፊቶች አንድ በአንድ ተሰረዙ። አንድ ሰው «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይተወዋል፣ ሌላው «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይተወዋል። በመጨረሻ የኔታ ድምፅ ላኩ። እድሜ ልካቸውን እንዲህ አጭር ተናግረው አያውቁም። «ነገ ማልዳችሁ መናኸሪያ ቁሙ። እኔም እመጣለሁ።»

ለባሏ ደወልኩና ነገርኩት። «ኑ» አለ። «ለእሷ እነግራታለሁ። ለእናቴ ግን አልነግራትም። እፈራታለሁ።»

ፈሪ! በዚህ ፍርሃቱ ምን እንደደረሰብን አሁን ትሰማላችሁ።

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ተገናኘን። ባለሱቋ አስቀድመው ደርሰው ከሚኒባሱ ሹፌር ጋር «ለቅሶ እየሄድን ዘፈን ትከፍታለህ?» እያሉ ይጣላሉ። የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። የእናቱን ነጠላ ደርቦ መጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። «አጀንዳችን ምንድን ነው?» ብዬ ወጋሁት። «አጀንዳ የለም» አለና ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ደብረ ወርቅን፣ ግንደ ወይንን አልፈን ሞጣ ስንገባ ጠዋቱ ገና አልሞቀም። የሞጣዎቹ አባላት ጥግ ላይ ጠበቁን። በድምፅ ብቻ የምንተዋወቅ ሰዎች በዓይን ስንተያይ ትንሽ ተፋፈርን። «ለፈረሱም» ያልከው አንተ ነህ ብዬ የተቆጣሁት ልጅ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ይቅርታም ሳልጠይቀው ቀረሁ። ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ የኔታን ከፊት አድርገን ወደ ቤቱ ሄድን።

አማቲቱ ግቢ ውስጥ ጌሾ እያሰጡ ነበር። ቀና ሲሉ ምን አዩ? በማለዳ፣ የማያውቁት ሰው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከፊቱ መምህር የሚመራው፣ ድምፁን አጥፍቶ ወደ በራቸው ይመጣል። በእኛ አገር በማለዳ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ መርዶ። ሴትየዋ ደግሞ አዲስ አበባ የሚሠሩ ልጆች አሏቸው። የጌሾውን ሰፌድ ወረወሩት።

«ማንኛው ነው?!» ብለው ጮኹ። «ንገሩኝ! ማንኛው ልጄ ነው?!»

«እማማ፣ ይረጋጉ፣ አዲስ ሞት የለም…» ይላል ሊቀመንበሩ፤ ማን ሰምቶት! ጎረቤቱ አጥሩን ዘሎ መጣ፤ ሴቱ ሁሉ ዋይ ዋይ እያለ ግቢውን ሞላው። የእኛዋ ባለሱቅ ደግሞ ለቅሶው ሞቆ ሲያዩ ለቅሶ ለመድረስ አይደል የመጡት፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡበት። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይሉ የለ? ከአንጀታቸው አለቀሱ። አንዲት ጎረቤት ደረቷን እየመታች ወደ እኔ ዞራ «እህት፣ ማን ነው የሞተው?» ትለኛለች። መልሴን ሳትሰማም ቀጠለች። ወይ ጉድ! አገር እያለቀሰ ነው፣ የሚለቀስለትን የሚያውቅ ግን የለም። ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ያኔ ነው እህቴን ያየኋት። ከቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከስታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ለራሷ ልጅ ነጠላ ስታዘቀዝቅ የመጀመሪያዋ ነው።

የኔታ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«መርዶ አላመጣንም እመቤቴ» አሉ። «ልጆችዎ ደህና ናቸው። ለልጅ ልጅዎ ነው የመጣነው።»

አማቲቱ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ አዩዋቸው። «ለየትኛዋ ልጅ ልጄ?» ከዚያ ገባቸው። ወደ እህቴ ዞሩ፤ መልሰው ወደ የኔታ። ፍርሃታቸው ቁጣ ሆነ። «ለዚያች? ክርስትና ላልተነሳችው? እሷማ ከሞተች ቆየች! በሕፃን አይለቀስም!»

«ማን አለ?»

«እናንተ ናችኋ! ካህናቱ!»

ጎረቤቱ ሁሉ የየኔታን አፍ አየ። እኔም አየሁ። አንድም፣ አንድም ብለው እስከ ምሳ ሊያቆሙን ነው ብዬ ፈራሁ።

«እኛ ያልነው ፍትሐት የለም ነው» አሉ የኔታ። «ፍትሐት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቅሶ የሰው ነው። ለቅሶም የለም ያልን እንደሆነ ተሳስተናል።»

 ባለሱቋ እንባቸውን ጠረጉና ወደ እህቴ ሄዱ፤ እጇን ያዙ። «በይ ልጄ፣ ስሟን ንገሪኝ። ያለ ስም አይለቀስም። ማን ብዬ ልጥራት?»

«ስም አልወጣላትም» አሉ አማቲቱ ከኋላ፤ ድምፃቸው አሁን ዝግ ብሏል። «በክርስትናዋ ቀን ነበር ልናወጣላት።»

«አላት» አለች እህቴ።

ባሏ ቀና ብሎ አያት። እሱም አያውቅም ነበር።

«ሳጠባት የምጠራት ስም አላት» አለችና ተናገረችው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ባለሱቋ ስሙን ተቀበሉ። እንደ አዋቂ ሰው ስም በሙሉ ድምፅ ጠሩት፤ «ዋይ እመቤት፣ ጡት ሳትጠግቢ…» ብለው አወረዱት። የሞጣ ሴቶች ተቀበሏቸው። ያ ስም ከዚህ አፍ ወደዚያ አፍ እየተላለፈ ግቢውን ሲዞር እህቴ «ልጄ!» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሮጬ ያዝኳት፤ አብረን መሬት ላይ ወደቅን። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያች ቀጭን ልጅ ውስጥ የት ተቀምጦ እንደከረመ እንጃ።  እኔም ለራሴ አለቀስኩ፤ አክስቷ አልነበርኩም እንዴ? ባሏ የግንቡን ጥግ ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሊቀመንበሩ የእናቱን ነጠላ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ከሁላችን በላይ አለቀሰ፤ ኋላ ላይ ውኃ አጠጡት።

ለቅሶው ሲበርድ ጎረቤት ንፍሮ አመጣ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ እህቴ መሐል። ባለሱቋ «እስኪ ንገሪን፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» አሏት። እህቴም አወራች። ፀጉሯ ብዙ እንደነበረ፣ ስታስነጥስ ራሷን አስደንግጣ እንደምታለቅስ፣ ጥፍሯ ስለታም ሆኖ ደረቷን እንደቧጨራት። እኔ «አዎ፣ እኔም ሳያት ፀጉሯ…» ስል «አንቺ ዝም በይ፣ ገና በወለድኩ በሦስተኛው ቀን ነው ያየሻት፣ ምን ታውቂያለሽ?» ብላ አቋረጠችኝ። ዝም አልኩ። ከልቤ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

አማቲቱ ከእኛ ጋር አልተቀመጡም ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውን የተበተነውን ጌሾ ከመሬት ይለቅማሉ። ለቀሙ፣ ለቀሙ፣ የሚለቀም ጠፋ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጡና እህቴ አጠገብ በርከክ አሉ።

«ማን ነበር ያልሽው ስሟን? ጆሮዬ አልያዘልኝም» አሏት።

ሴትየዋ ከሦስተኛ ቤት ሹክሹክታ የሚሰሙ ናቸው። እህቴ ግን ደግማ ነገረቻቸው። በዝግታ ከአፋቸው አወጡት፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቀዘቁት።